በሃያ የገባ ሰው የለም

በአንድ የክልል ከተማ ስታዲየም፣ ከክብር ትሪቡኑ ሥር ባለችው ጠባብ የሰዓት መያዣ ክፍል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፤ አሠልጣኝ ጋሽ ይልቃል እና የውድድሩን የሰዓት ፕሮግራም የጻፈችው የቀድሞዋ ሯጭ ውዳላት።

ጋሽ ይልቃል፦ ይኼን ወረቀት አልፈልገውም። ትናንት ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ነው፤ እሱንማ ቆሜ አንብቤዋለሁ። እኔ የምልሽ ከሦስቱ ቁጥር ኋላ ያለውን አውጪልኝ ነው።

ውዳላት፦ ጋሼ፣ ከነጥብ በኋላ ከሦስት ቁጥር በላይ አይወጣም እያልኩዎት ነው።

ጋሽ ይልቃል፦ አይወጣም ነው ወይስ የለም?

ውዳላት፦ ሁለቱ በምን ተለያዩ?

ጋሽ ይልቃል፦ ለአበዛሽ ይለያያሉ። በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትሩ ሁለቱም ልጆች አራት ደቂቃ ከሃያ አንድ ሰከንድ፣ ነጥብ ሦስት መቶ ሃያ ስምንት። እኩል ናቸው። ከዚያ የከተማዋ ልጅ ሦስተኛ፣ የኔዋ አበዛሽ አራተኛ። ሦስተኛዋ ለአገር አቀፉ የወጣቶች ሻምፒዮና ትሄዳለች፣ አራተኛዋ ወደ ወላጆቿ ሽንብራ ማሳ ትመለሳለች። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ዕድሜዋ ከወጣቶች ያልፋል። አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ "በማይክሮ ሰከንድ ተቀድማ" አለ። እኔም ያቺን ማይክሮ ሰከንድ አሳዩኝ ብዬ ነው የመጣሁት።

ውዳላት፦ እሱ ልማዱ ነው። አንድ ሰው መቶ ሜትር ቢቀደምም እንደዚያ ነው የሚለው።

ጋሽ ይልቃል፦ እሺ፣ እሱን እንተወው። ይግባኝ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ደንቡ "መለየት ካልተቻለ ሁለቱም ያልፋሉ" ይላል። ግን አልተቻለም የሚል ቃል ኮሚቴው የሚቀበለው ሰዓቱን ከያዘው ሰው ብቻ ነው። ሰዓቱን የያዝሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ውዳላት፦ ውጤቱን ትናንት ፈርመው ተቀብለዋል እኮ።

ጋሽ ይልቃል፦ ፈርሜያለሁ። እንዴት እንደፈረምኩ ልንገርሽ? ልጅቱ ትንፋሿ ሳይሰበሰብ መጣችና፣ ጋሼ እኔ ነኝ የቀደምኳት፣ ደረቴ መስመሩን ሲያልፍ እሷ ገና ከኋላዬ ነበረች አለችኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? እዚያው ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ ቆጣ ብዬ፣ ማሽን ዘመድ የለውም፣ መሸነፍንም ልመጂ አልኳት። ይኼን ፕሮግራም የጻፈችው በእጄ ያደገች ልጅ ናት፣ ለማንም አታዳላም ብዬ ባንቺ ስም ማልኩባት። ልጅቱ ሰዓት የሚይዘውን ቺፕ ከደረት ቁጥሯ ፈትታ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠች፣ ጃኬቷን ለበሰች፣ ሄደች። እኔም ፈረምኩ።

ውዳላት፦ ታዲያ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?

ጋሽ ይልቃል፦ ደብተሬ። ሰማያዊውን ደብተር ታውቂዋለሽ፤ ያንቺም የሩጫ ሰዓት አንድ ሁለቱ እሱ ውስጥ አለ። ማሽኑ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የወጣውን ሁሉ ገልብጬ ይዣለሁ። ዛሬ ጠዋት ጣቴን እያስኬድኩ ከነጥብ ኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ብቻ አነበብኩ። ዐሥራ ስድስት። ሠላሳ አንድ። አርባ ሰባት። ገጹን ገለጥኩ፤ እንደገና ዐሥራ ስድስት፣ እንደገና ሠላሳ አንድ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይኼ ሁሉ ልጅ ሲሮጥ በሃያ የገባ አንድ ሰው የለም። በሠላሳ የለም። በአርባ የለም። እኔ የሂሳብ ሰው አይደለሁም። ሰው ግን እንደዚህ አይሮጥም።

ውዳላት፦ ሌላ ማን አይቶታል?

ጋሽ ይልቃል፦ "እስቲ ልየው" አላልሽም። "ማን አይቶታል" ነው ያልሽው።

ውዳላት፦ ይቀመጡ፣ ጋሼ።

ጋሽ ይልቃል፦ ቆሜ እሰማለሁ።

ውዳላት፦ ፕሮግራሙን ስጽፍ የተሰጠኝ አዲስ ኮምፒውተር ነበር። እሱ ሲጠይቁት ሰከንድን ሚሊዮን ቦታ ቆራርሶ የሚሰጥ ረቂቅ ሰዓት አለው። ለማሽኑ ምረቃ ሁለት ሳምንት ሲቀር ግን አዲሱን ወደ ቢሮ ወሰዱት፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል ተባለ። ለኔ ይኼን አሮጌውን አምጥተው አስቀመጡልኝ። የዚህ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ያ ረቂቅ ሰዓት ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። አምጣ ሲሉት እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ይላል። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ይዘጋ ነበር።

ጋሽ ይልቃል፦ ቢዘጋ ምን ነበረበት? ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ?

ውዳላት፦ ምረቃ ነበር፣ እንግዳ ተጠርቷል። ሌላ መንገድ ነበረው፤ የማሽኑን የውስጥ ምት እየቆጠርኩ ረቂቁን ሰዓት ራሴ መሥራት። ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ እኔ ደግሞ ሁለት ብቻ ነበረኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ይጠይቃል፤ ረቂቁ ሰዓት ካለ በሱ ይሠራል፣ ከሌለ ድፍኑን ይወስዳል።

ጋሽ ይልቃል፦ ድፍኑ የቱ ነው?

ውዳላት፦ ያ ጥግ ላይ የሚታየው ተራ ሰዓት። እሱ እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ በሰከንድ ስልሳ አራት ጊዜ። በሁለት ዝላይ መሀል የገባ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ይሰጠዋል። ዐሥራ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ፣ አርባ ሰባት የሚሉት ዝላዮቹን ነው።

ጋሽ ይልቃል፦ በአንድ ዝላይ መሀል አንዲት ልጅ ምን ያህል ትሮጣለች?

ውዳላት፦ መጨረሻ ላይ በሚሮጡት ፍጥነት፣ ግማሽ ስንዝር።

ጋሽ ይልቃል፦ ግማሽ ስንዝር። ዓመት ሙሉ መስመሩ ጋ ስትደርሱ ደረታችሁን ስጡ፣ ደረታችሁን ስጡ እያልኩ የምጮኸው ለዚያች ግማሽ ስንዝር ነው። አንቺንም ያስተማርኩሽ እሷን ነው።

ውዳላት፦ አልረሳሁትም።

ጋሽ ይልቃል፦ እና እኩል ሲወጡ ማን ይለያቸዋል?

ውዳላት፦ ማንም። ዝርዝሩ በተመዘገቡበት ተርታ ይቀመጣል። በደረት ቁጥራቸው።

ጋሽ ይልቃል፦ በደረት ቁጥር።

ውዳላት፦ አዎ። ትንሹ ቁጥር ከላይ።

ጋሽ ይልቃል፦ የከተማ ክለቦች ከሳምንት በፊት በደብዳቤ ያስመዘግባሉ፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ ያለውን እነሱ ይወስዱታል። የገጠሮቹ በዋዜማው ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው በዕለቱ ጠዋት ይደርሳሉ፣ የተረፈውን ይለጥፋሉ። ያቺኛዋ ስድስት ቁጥር ነበረች፤ አበዛሽ አርባ አንድ። እንግዲህ ልጄ ጫማዋን ሳታስር ተሸንፋ ነበር ማለት ነው።

ውዳላት፦ እኩል ከወጡ፣ አዎ።

ጋሽ ይልቃል፦ እኔ ደግሞ ዘመድ የለውም ብዬ ማልኩለት። ሦስት ቁጥር የምታወጪውስ ለምንድን ነው? ካላወቅሽው ሁለቱን ብቻ አትጽፊም?

ውዳላት፦ በቴሌቪዥን እንደምናየው ይሁን አሉኝ። አንድ ቢጫ ጽሑፍ ነበረኝ፣ "ሰዓቱ በረቂቅ አልተያዘም" የሚል። የምረቃው ቀን ትልቁ ስክሪን ላይ እንግዶቹ ፊት ወጣ። በማግስቱ አንሺው ተባልኩ፣ አነሣሁት።

ጋሽ ይልቃል፦ ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች ለራሳችሁ ማስታወሻ ታስቀምጣላችሁ ይላሉ። እዚያች መስመር ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ውዳላት፦ ምን ያደርግልዎታል?

ጋሽ ይልቃል፦ ጠየቅኩሽ።

ውዳላት፦ "ለጊዜው ነው" ይላል።

ጋሽ ይልቃል፦ የሦስት ዓመት ለጊዜው። ይኼ መነጽር ይታይሻል?

ውዳላት፦ ጋሼ፣ እሱን ይተዉት።

ጋሽ ይልቃል፦ አልተወውም። እኔ ሠላሳ ዓመት መስመሩ ትይዩ ቆሜ ደረት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀቱ ሳይለጠፍ በዓይኔ ያየሁትን ተርታ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ ሲለጠፍ የራሴን ሰርዤ ማሽኑ ያለውን በስክሪብቶ እጽፋለሁ። አንዳንዴ አልገጣጠም ሲሉኝ ጊዜ፣ አይ ዓይኔ ደክሟል አልኩ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ አየኝና የሩቁ ዓይንህ ምንም አልሆነም አለኝ። ተጨቃጨቅኩት። በግድ ነው ያሠራሁት። የዳኞቹን መሰላልም ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ማሽን እያለን ሽማግሌ ደረጃ ላይ ደርድረን ምን እንሠራለን ብዬ። መነጽሩን አድርጌ የመጣሁ ቀን አንቺ እዚህ በር ላይ ነበርሽ። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?

ውዳላት፦ አስታውሳለሁ።

ጋሽ ይልቃል፦ "ያምርብዎታል" አልሽኝ። ለምን እንዳሠራሁት ነግሬሽ ነበር። ዓይኔ ከማሽንሽ ጋር አልስማማ አለኝ ብዬ እየሳቅኩ ነግሬሻለሁ። አንቺም ሳቅሽ፣ ሻይ አስመጣሽልኝ። ትናንትም በዓይኔ ያየሁት አበዛሽ ቀድማ ስትገባ ነው፤ ሰርዤዋለሁ። ልጅቷን የገሰጽኩት ዓይኔ ያየላትን ከልክዬ ነው። ሌላ ሰው ቢያደርግብኝ እናደድ ነበር። ባንቺ ግን መናደድ እንኳ አቃተኝ። ጉልበትሽ የተበላሸ ጊዜ ክራንችሽን ይዤ ኮሌጅ ያስመዘገብኩሽ እኔ ነኝ፤ ሩጫ ቢቀር ጭንቅላት አለሽ ብዬ። ከዳሽኝ፣ ውዳላት። ሌላ ስም የለውም።

ውዳላት፦ ጨረሱ?

ጋሽ ይልቃል፦ አልጨረስኩም። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። ደብዳቤውን ጻፊ።

ውዳላት፦ እጽፋለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን ለምን ዝም እንዳልኩ ይሰሙኛል። የመጀመሪያው ዓመት የፈራሁት ለራሴ ነው፣ አልክድም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ቆርጬ ነበር። አንድ ሺህ አምስት መቶው እንዳለቀ ዝርዝሩን አየሁ፤ ሦስተኛና አራተኛዋ እኩል ወጥተዋል። አሁንስ በቃ፣ ነገ ሄጄ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማን ሦስተኛ እንደነበረች ያስታውሳሉ?

ጋሽ ይልቃል፦ የዛሬ ሁለት ዓመት?

ውዳላት፦ የዛሬ ሁለት ዓመት።

ጋሽ ይልቃል፦ ብርቄ።

ውዳላት፦ የእርስዎ ብርቄ። በዚያ ዓመት በከተማው ክለብ በኩል ስለተመዘገበች ዘጠኝ ቁጥር ነበራት። አራተኛ የተባለችው የሺ ሠላሳ ስምንት። በማግስቱ ቤትዎ መጣሁ። ግቢው ድንኳን ተጥሎበታል። እርስዎ ካፖርትዎን አውልቀው መሀል ገብተው እስክስታ ይመታሉ። ሃያ ስምንት ዓመት አሠልጥነው አንድ ልጅ አላለፈችልዎትም ነበር። የብርቄ እናት እግርዎ ላይ ወድቀው እያለቀሱ ነበር። እኔ የአጥሩን በር ይዤ ቆምኩ፣ ቆምኩና ተመለስኩ። አሁን ብርቄ በብሔራዊ ቡድን ማልያ ትሮጣለች፣ ፎቶዋ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ አፌን የዘጋሁት ለእርስዎ ብዬ ነው።

ጋሽ ይልቃል፦ ለኔ ብለሽ።

ውዳላት፦ ካላመኑኝ አይመኑኝ።

ጋሽ ይልቃል፦ የትናንቱን ጻፊ። ስምሽን፣ ቀኑን፣ ማሽኑ ሁለቱን መለየት አልቻለም ብለሽ።

ውዳላት፦ ከመቼ ጀምሮ አልቻለም ልበል?

ጋሽ ይልቃል፦ ትናንት። ትናንት ተበላሸ በይ።

ውዳላት፦ ትናንት አልተበላሸማ። እንደዚያ ካልኩ ሦስት ዓመት የኖርኩበትን ውሸት ዛሬ በፊርማ መድገሜ ነው። ከዳሽኝ ያሉኝም እኮ ስለሱ ነው። የማለፊያ ቦታ ላይ እኩል የወጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም እጽፋለሁ ወይም ምንም አልጽፍም።

ጋሽ ይልቃል፦ ብርቄ ምን አጠፋች? ልጅቷ ሮጠች፣ ለፋች። ቡድን የገባችው በዚያች አንድ ቀን አይደለም።

ውዳላት፦ አላጠፋችም። የሺስ ምን አጠፋች?

ጋሽ ይልቃል፦ የሺ እኮ ሩጫ ትታለች።

ውዳላት፦ የት እንዳለች ያውቃሉ?

ጋሽ ይልቃል፦ አውቃለሁ። ኮብልስቶን ትጠርባለች፤ ከቤቴ ወደ ሜዳ ስመጣ በመንገዴ ላይ ናት። ሳልፍ መዶሻውን አስቀምጣ ትነሣለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነው የምትጨብጠኝ። ልጆቹ እንዴት ናቸው ጋሼ፣ ብርቄስ ደህና ናት ትለኛለች። አሁን ይኼ ቢወራ ለሷ ምን ይጠቅማታል?

ውዳላት፦ እሱን እሷ ትንገረን። ደብተሩን ይስጡኝ።

ጋሽ ይልቃል፦ ለምን?

ውዳላት፦ የኔ ቃል ብቻውን ማሽኑ አይለይም ነው የሚለው። ከሱ ጋር በመስመሩ ላይ ቆሞ ያየ ሰው በእርሳስ የጻፈው ካለ ኮሚቴው እምቢ የሚልበት መንገድ የለውም። የተሰረዘም ቢሆን ይነበባል። ይኼው የትናንቱ፦ አርባ አንድ፣ ቀጥሎ ስድስት። ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዛሬ ሁለት ዓመቱን ደግሞ ላውጣው... መጋቢት... የወንዶቹ አምስት ሺህ... ጋሼ።

ጋሽ ይልቃል፦ እ።

ውዳላት፦ እዚህ ጋ ገጽ ጎድሏል።

ጋሽ ይልቃል፦ ደብተሩ አርጅቷል።

ውዳላት፦ ያረጀ ይረግፋል። ይኼ በማስመሪያ ተይዞ ነው የተቀደደው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው።

ጋሽ ይልቃል፦ ሰዓቱ ስንት ሆነ?

ውዳላት፦ አምስት ከሩብ። አይተው ነበር ማለት ነው።

ጋሽ ይልቃል፦ አየሁ። ሠላሳ ስምንት ቁጥር በደረት ቀድማ ገባች፤ ጻፍኩት። ከዚያ ወረቀቱ ሲለጠፍ ብርቄ ሆነች። ሰው ሁሉ መጥቶ አነሣኝ፣ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ከላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ የሺ መስመሩ ጋ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች። ዓይኔ ነው አልኩ። በሳምንቱ ነው መነጽር ላሠራ የሄድኩት።

ውዳላት፦ ሐኪሙ ደህና ነው ሲልዎት የተጨቃጨቁት...

ጋሽ ይልቃል፦ ታመሃል እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ዓይኔ ከታመመ የሺን አልበደልኳትም ማለት ነው።

ውዳላት፦ እኔ ሁለት ዓመት እንዳይሰሙ ብዬ ስደብቅዎት። ባገኝዎት ቁጥር ቀና ብዬ ማየት እያቃተኝ። እርስዎ ያውቁት ነበር?

ጋሽ ይልቃል፦ ያንቺን አላውቅም። የማውቀው የራሴን ነበር። ማሽኑ ልክ ነው ካልኩ ግን የራሴም ይሰረይልኛል። ለዚያ ነው ትናንት በልጅቷ ላይ እንደዚያ የጮኽኩት፤ እሷን ካመንኳት የሺንም ማመን ሊመጣብኝ ነው።

ውዳላት፦ እና ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆመው ከዳሽኝ ሲሉኝ ነበር።

ጋሽ ይልቃል፦ ከድተሽኛል። እሱ ልክ ነው። የኔ ሲጨመርበት ያንቺ አይቀንስም።

ውዳላት፦ የኔም አይቀንስም፣ የእርስዎም አይቀንስም። ደብዳቤውን ጀምሬዋለሁ። "ይህ ኮምፒውተር ከተተከለበት ቀን ጀምሮ" ብያለሁ። የዚህ ዓመቱን ስም ጽፌያለሁ። ከዚህ በታች ባዶ ነው። ሁለቱንም ወይም ምንም ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ምርጫው የእርስዎ ነው። ካሉኝ አትሜ እፈርመውና የትናንቱ ብቻ ይሄዳል፤ እንደዚያ ከሆነ "ከተተከለበት ቀን" የሚለውን ማጥፋት አለብኝ። እጄ ቁልፉ ላይ ነው። ይንገሩኝ።

ጋሽ ይልቃል፦ ብርቄ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች።

ውዳላት፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ይልቃል፦ እሑድን አልጠብቅም፣ ዛሬ እኔው እደውልላታለሁ። ከሌላ አፍ እንዳትሰማው። ይኼን ያዢ።

ውዳላት፦ የመነጽርዎን ቤት ምን ላድርገው?

ጋሽ ይልቃል፦ ክፈቺው። ከጨርቁ ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ።

ውዳላት፦ ... ሠላሳ ስምንት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ። ይኼኛው አልተሰረዘም።

ጋሽ ይልቃል፦ ለመሰረዝ እጄ እንቢ አለኝ። ከደብዳቤው ጋር አያይዢው፤ የሺን ከአበዛሽ በላይ ጻፊያት፣ ከሷ በፊት ነው የተቀማችው።